ብራያን 2፦ የአንጎልን ትርምስ በገዛ እጅ ለመመርመር የሚያስችል ሶፍትዌር

ብራያን 2 የነርቭ ሴሎችን መረብ በኮምፒውተር አስመስሎ ለማስላት የተሠራ፣ በነጻ የሚገኝና ምንጭ ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ ሶፍትዌር ነው። በፓይተን የፕሮግራም ቋንቋ ውስጥ እንደ ላይብረሪ ተጭኖ ይሠራል። የመጀመሪያውን ብራያን ዳን ጉድማንና ሮማን ብሬት በ2008 ያስተዋወቁት ሲሆን፣ ከመሠረቱ እንደገና የተጻፈውን ሁለተኛውን ደግሞ ከማርሴል ስቲምበርግ ጋር ሆነው በ2019 በወጣ ጥናታዊ ጽሑፍ በዝርዝር አቅርበውታል (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ሶፍትዌሩ ለብዙ ዓይነት ሥራ ይውላል፤ እኔ ግን የምገመግመው ለአንድ ጉዳይ ብቻ ባለው ጥቅም ነው፤ ይኸውም ሕያው አንጎል መረጃን ሲያስተናግድ ትርምስ ምን ድርሻ እንዳለው ለመመርመር ነው። በዚህ በኩል ያለኝ ፍርድ ግልጽ ነው። በነርቭ መረብ ውስጥ ያለውን ትርምስ ከተራ ጫጫታ፣ ማለትም ከዘፈቀደ መዋዠቅ፣ ለይቶ በዓይን ለማየት ከዚህ የተሻለ መነሻ መሣሪያ አላገኘሁም። ሆኖም ውጤቱን በጥንቃቄ የማያነብ ሰው በዚሁ መሣሪያ ተመርቶ ወደ ተሳሳተ ድምዳሜ ሊደርስ የሚችልባቸው ቦታዎች ስላሉ፣ እነሱንም ሳልሸፋፍን አነሳለሁ።

እዚህ ላይ ትርምስ የምለው በሂሳብ ትርጉሙ ነው፤ አንድ ሥርዓት የሚመራበት ሕግ ምንም ዕድል ያልተቀላቀለበት፣ ፍጹም የተወሰነ ሆኖ ሳለ፣ በመነሻው ላይ ያለች እጅግ ትንሽ ልዩነት በፍጥነት እየተባዛች የኋላውን ጉዞ ፈጽሞ የምታስለውጥበት ሁኔታ ነው። የአየር ጠባይ ተመራማሪው ኤድዋርድ ሎሬንዝ በ1961 የኮምፒውተር ስሌቱን ከመሐል ሲያስጀምር 0.506127 በሚለው ቁጥር ፈንታ 0.506 ብሎ አስገብቶ ነበር፤ ሁለተኛው ስሌት መጀመሪያ ላይ ከቀድሞው ጋር አብሮ ሄዶ ቀስ በቀስ ተለየና በመጨረሻ አንዱ ከሌላው ጋር የማይመሳሰል ሆነ። በ1963 ያሳተማቸው ሦስት እኩልታዎች የመጡት ይህንን በማሰላሰል ነው። የሎሬንዝ ዘዴ፣ ማለትም ስሌትን ከመሐል ማስቆም፣ ጥቂት መነካካትና እንደገና ማስኬድ፣ በብራያን ውስጥ በሁለት ትእዛዝ የሚከናወን በመሆኑ ኋላ ላይ ወደ እሱ በሰፊው እመለሳለሁ።

ይህ መሣሪያ ለምን እንደሚያስፈልግ ለመረዳት ከአንጎል ላይ በቀጥታ በሚወሰድ ልኬት ብቻ ትርምስን ማረጋገጥ ምን ያህል አስቸጋሪ እንደሆነ ማየት ይጠቅማል። የነርቭ ሳይንስ ተመራማሪው ዋልተር ፍሪማን ለረጅም ዓመታት በጥንቸሎች የማሽተቻ አንጎል ላይ 64 ኤሌክትሮዶች አሰልፎ የኤሌክትሪክ ሞገዱን ሲመዘግብ ቆይቷል። ያየውም ነገር የሽታው ማንነት በአንድ ሴል ወይም በአንድ ቦታ ላይ ሳይሆን በመላው ገጽ ላይ በተዘረጋው የሞገድ ስፋት ንድፍ ላይ መቀመጡን፣ ንድፉም ከሽታው ኬሚካላዊ ባሕርይ ይልቅ ሽታው ለእንስሳው ካለው ትርጉም ጋር አብሮ የሚለወጥ መሆኑን ነው። በ1987 ከክሪስቲን ስካርዳ ጋር ባሳተመው ጽሑፍ፣ በሁለት ትንፋሽ መካከል ያለው የማሽተቻ አንጎል እንቅስቃሴ ትርምስ እንደሆነና ይህም ትርምስ አንጎሉን ከአንድ ንድፍ ወደ ሌላው በቅጽበት ለመዝለልና አዲስ ሽታን ለመማር ዝግጁ አድርጎ እንደሚያቆየው ተከራከረ። ሐሳቡ ዛሬም ድረስ የሚያነቃቃ ነው፤ በእኔ አስተያየት በዚህ ዘርፍ ከተሰነዘሩት ሁሉ ደፋሩ እሱ ነው።

ችግሩ ማስረጃው ላይ ነው። በ1980ዎቹ አጋማሽ ከራስ ቅል ላይ በሚወሰድ የአንጎል ኤሌክትሪክ ልኬት (ኢኢጂ) ውስጥ በጥቂት ተለዋዋጮች ብቻ ሊገለጽ የሚችል ትርምስ ተገኘ የሚሉ ጽሑፎች በተከታታይ ወጥተው ነበር። ነገር ግን ኦስቦርንና ፕሮቬንዛሌ በ1989 እንዳሳዩት፣ ተራ የዘፈቀደ ጫጫታ እንኳ ዝግተኛው መዋዠቅ ከፈጣኑ የሚጎላበት ዓይነት ከሆነ፣ ትርምስን ለመለየት የሚውለው ያው ስሌት ትርምስ የመሰለ ቁጥር ያወጣለታል። ከዚያ በኋላ ተመራማሪዎች ጠንቃቆች ሆኑ። በሕያው አንጎል ውስጥ እውነተኛ ዘፈቀደም ሞልቶ ይገኛል፤ የአዮን በሮች በዕድል ይከፈታሉ፣ ይዘጋሉ፤ ሁለት የነርቭ ሴሎች በሚገናኙበት በሲናፕስም ላይ አንድ የነርቭ ምት፣ ማለትም አጭር የኤሌክትሪክ ምልክት፣ ሲደርስ ኬሚካሉ አንዳንድ ጊዜ ይለቀቃል፣ አንዳንድ ጊዜ አይለቀቅም። ስለዚህ ሁለት ልኬቶች ሲለያዩ ልዩነቱ ከጫጫታው ይምጣ ወይስ ከትርምሱ፣ ከልኬቱ ብቻ መለየት አዳጋች ነው። ለመለየት የሚቻለው እያንዳንዱ እኩልታው የሚታወቅ፣ ጫጫታው እንደተፈለገ የሚከፈትና የሚዘጋ መረብ ሲኖር ነው፤ የብራያን ትልቁ ጥቅምም እዚህ ላይ ይጀምራል።

መጫኑ አያስቸግርም፤ ፓይተን ባለበት ኮምፒውተር ላይ እንደ ማንኛውም ላይብረሪ ይገባል። ከሌሎች መሰል ሶፍትዌሮች የሚለየው ዋናው ነገር ተጠቃሚው የሴሉን ዓይነት ከተዘጋጀ ዝርዝር ውስጥ የሚመርጥ ሳይሆን እኩልታውን ራሱ፣ በወረቀት ላይ እንደሚጽፈው አድርጎ፣ በጽሑፍ የሚያስገባ መሆኑ ነው። ከዚያም ሶፍትዌሩ ያንን ጽሑፍ ተርጉሞ ፈጣን የማሽን ኮድ ያዘጋጅለታል። መለኪያዎቹንም ይቆጣጠራል፤ 20 ብሎ ማስገባት አይበቃም፣ 20 ሚሊሰከንድ ወይም 20 ሚሊቮልት ተብሎ መጻፍ አለበት፤ ቮልትን ከአምፔር ጋር ለመደመር የሞከረ ሰው ስሌቱ ገና ሳይጀምር ስህተቱ ይነገረዋል። ትርምስን ለሚያጠና ሰው ይህ ቁጥጥር እንደ ቅንጦት የሚታይ አይደለም። ባሕርዩ አስቀድሞ የማይታወቅ መረብ ላይ የመለኪያ ስህተት ቢገባ ውጤቱ ከእውነተኛው ትርምስ ተለይቶ ላይታወቅ ይችላልና።

አሁን ወደ ዋናው ሙከራ ልግባ። ከሶፍትዌሩ ጋር ከሚቀርቡት ምሳሌዎች አንዱ 4000 ሴሎች ያሉት መረብ ነው፤ 3200ዎቹ አነቃቂ (ተቀባዩን ሴል ወደ መምታት የሚገፉ)፣ 800ዎቹ ገቺ (ከመምታት የሚያግዱ) ናቸው። ማናቸውም ሁለት ሴሎች የሚገናኙበት ዕድል 2 በመቶ ስለሆነ እያንዳንዱ ሴል በአማካይ ከ64 አነቃቂዎችና ከ16 ገቺዎች ምት ይቀበላል። የአነቃቂው ምት ጉልበት 1.62 ሚሊቮልት፣ የገቺው ግን 9 ሚሊቮልት ነው፤ በቁጥር ያነሱት ገቺዎች በጉልበት ይካካሳሉ ማለት ነው። የእያንዳንዱ ሴል የሽፋን ቮልቴጅ ወደ 49 ሚሊቮልት ኔጋቲቭ ይሳባል፤ ነገር ግን 50 ሚሊቮልት ኔጋቲቭ የሆነውን ደፍ ሲያልፍ ምት ያወጣና ወደ 60 ሚሊቮልት ኔጋቲቭ ይመለሳል፤ ለ5 ሚሊሰከንድም ያርፋል።

እዚህ ላይ በወረቀት ሊሰላ የሚችል አንድ ነገር አለ። ሴሉ ከጎረቤቶቹ ተነጥሎ ብቻውን ቢሆን፣ ቮልቴጁ የሚሳብበትን ፍጥነት የሚወስነው የጊዜ መለኪያ 20 ሚሊሰከንድ በመሆኑ ከ60 ወደ 50 ለመውጣት 48 ሚሊሰከንድ ያህል ይፈጅበታል፤ ዕረፍቱ ሲጨመር በየ53 ሚሊሰከንዱ አንድ ጊዜ ያለማዛነፍ ይመታል። ግንኙነቱን ሰርዞ ስሌቱን ማስኬድ ይህንኑ ያሳያል። ግንኙነቱ ሲመለስ ግን ያ ሁሉ መደበኛነት ይጠፋል። ምቶቹን በነጥብ የሚያሳየው ሥዕል የተበተነ ይሆናል፤ አንዱ ሴል በተከታታይ ሁለት ጊዜ መትቶ ረጅም ጊዜ ዝም ይላል፣ ሌላው እንደ ገና በሌላ አኳኋን ይሄዳል። በዚህ መረብ ውስጥ ከመነሻው ቮልቴጅና ከግንኙነቱ አመዳደብ በስተቀር ዘፈቀደ የሆነ ምንም ነገር የለም፤ ስሌቱ ከተጀመረ በኋላ ከውጭ የሚገባ አንዲት የጫጫታ ጠብታ እንኳ የለችም። ካርል ቫን ቭሬስዋይክና ሃይም ሶምፖሊንስኪ በ1996 የጠቆሙት ይህንን ነው፤ በአንጎል ቅርፊት ውስጥ የሚታየውን የምቶች መዘበራረቅ ለማስረዳት የውጭ ጫጫታ ግዴታ አይደለም፤ ጠንካራ ማነቃቂያና ጠንካራ መግቻ ሲመጣጠኑ መረቡ መዘበራረቁን ከራሱ ያመነጫል።

መዘበራረቅ ብቻውን ግን ትርምስ አያሰኝም። ለዚህ ነው ስቶር እና ሪስቶር የተባሉት ሁለት ትእዛዞች ከሶፍትዌሩ ክፍሎች ሁሉ ይበልጥ የሚማርኩኝ። ስቶር የመረቡን ሁኔታ፣ የእያንዳንዱን ሴል ቮልቴጅና የእያንዳንዱን ሲናፕስ ጅረት ጨምሮ፣ ባለበት ቅጽበት ያስቀምጣል፤ ሪስቶር ወደዚያው ቅጽበት ይመልሰዋል። ሙከራው እንዲህ ይካሄዳል። መረቡ ለ500 ሚሊሰከንድ እንዲሄድ ይደረግና ሁኔታው ይቀመጣል፤ ከዚያ ለሌላ 500 ሚሊሰከንድ ይሄዳል፤ ምቶቹም ወደ ሌላ ቦታ ይገለበጣሉ። መገልበጡ መዘንጋት የለበትም፤ ሪስቶር መዝጋቢዎቹንም አብሮ ወደ ኋላ ስለሚመልስ የመጀመሪያው ዙር መዝገብ ይጠፋል። ቀጥሎ መረቡ ወደተቀመጠው ቅጽበት ይመለሳል፤ በዕረፍት ላይ ያልሆነ አንድ ሴል ተመርጦ ቮልቴጁ ከደፉ በላይ እንዲሆን ይደረጋል፤ ይህ ሴል በመጀመሪያው ዙር ያልነበረች አንዲት ተጨማሪ ምት ያወጣል፤ መረቡም እንደገና ይሄዳል።

የሁለቱን ዙሮች የነጥብ ሥዕሎች አንዱን በሌላው ላይ ደርቦ የሚያይ ሰው የሚያገኘው ነገር ለዚህ ጽሑፍ ምክንያት የሆነኝ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሚሊሰከንዶች ነጥቦቹ ሁሉ ይገጥማሉ። ከዚያ ያቺን ምት የተቀበሉት ሰማንያ ያህል ሴሎች ዘንድ ጥቂት ነጥቦች ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ ይንሸራተታሉ፤ ከነዚህ የተንሸራተቱት ደግሞ የራሳቸውን ጎረቤቶች ያንሸራትታሉ። የግማሽ ሰከንዱ መጨረሻ ላይ ሲደረስ የትኛው ሴል መቼ መታ የሚለው ጥያቄ በሁለቱ ዙሮች ፍጹም የተለያየ መልስ ይኖረዋል። ይህ ሁሉ ሲሆን ግን በአንድ ሰከንድ የሚወጣው አማካይ የምት ብዛት፣ በአንድ ሴል ሁለት ምቶች መካከል ያሉት ክፍተቶች ስርጭት፣ ሥዕሉ በጠቅላላው የሚሰጠው መልክ በሁለቱም ዙሮች አንድ ዓይነት ነው። ዝርዝሩ ተሰባሪ፣ አጠቃላዩ ጽኑ፤ የነርቭ ትርምስ ጠባይ በአንድ ሥዕል ላይ ይኸው ነው።

ይህ የሞዴል ጨዋታ ብቻ አይደለም። ማይክል ለንደንና ባልደረቦቹ በ2010 ባሳተሙት ጥናት የአይጥ ጢም ስሜት በሚደርስበት የአንጎል ቅርፊት ክፍል አንድ ሴል አንዲት ተጨማሪ ምት እንዲያወጣ ሲደረግ፣ እሷን በሚቀበሉት ሴሎች ላይ በድምሩ 28 ያህል ተጨማሪ ምቶች እንደሚከሰቱ ገምተዋል። አንዲቱ 28 ከሆነች፣ እያንዳንዷ ከ28ቱ ደግሞ ሌሎችን ብታስከትል፣ ልዩነቱ ምን ያህል በፍጥነት እንደሚባዛ መገመት አያዳግትም። ደራሲዎቹ ከዚህ የደረሱበት መደምደሚያ ይህ የቅርፊት ክፍል መረጃን በአብዛኛው በእያንዳንዷ ምት ትክክለኛ ሰዓት ላይ ሳይሆን በምቶች ብዛት ላይ ሊያኖረው ይገባል የሚል ነው። በብራያን የሚታየው ሥዕል ይህን መከራከሪያ ለመረዳት ያግዛል፤ የሚጸናው አጠቃላዩ ከሆነ መልእክቱም ሊቀመጥ የሚችለው በሚጸናው ላይ ነውና።

ከላይ ያልኩት ማስጠንቀቂያ አሁን ተራው ነው። ከተጨማሪ ምት ይልቅ የአንዱን ሴል ቮልቴጅ በአንድ ሚሊዮንኛ ሚሊቮልት ብቻ ከፍ አድርጎ ሙከራውን የሚደግም ሰው፣ እንደ ሎሬንዝ ልዩነቱ እያደገ እንዲመጣ ይጠብቃል። የሚያገኘው ግን ብዙውን ጊዜ ተቃራኒውን ነው፤ ሁለቱ ሥዕሎች እስከ መጨረሻው አንዲት ነጥብ ሳያጓድሉ ይገጥማሉ። ምክንያቱ ሁለት ነው። አንደኛው በእኩልታው ውስጥ አለ፤ ቮልቴጁ እየፈሰሰ ስለሚሄድ ልዩነቱም አብሮ ይፈሳል፤ ሴሉ ሲመታ ደግሞ ወደ 60 ሚሊቮልት ኔጋቲቭ ይመለሳልና የቀረችው ልዩነት ፈጽማ ትደመሰሳለች። ሁለተኛው ከሶፍትዌሩ ነው፤ ብራያን ጊዜን የሚቆጥረው፣ ተጠቃሚው ካልቀየረው በስተቀር፣ በ0.1 ሚሊሰከንድ እርምጃ ነው፤ ከዚያ ያነሰ የምት መንሸራተት በስሌቱ ውስጥ ቦታ የለውም። ላይ ላዩን የሚያይ ሰው ከዚህ ተነስቶ መረቡ ትርምስ የለበትም ሊል ይችላል፤ ከአንዲት ተጨማሪ ምት ሙከራ የተነሳው ደግሞ መረቡ በብርቱ ትርምስ ውስጥ ነው ይላል። ሁለቱም ያዩት ትክክል ሲሆን፣ የደመደሙት ግን ጎዶሎ ነው።

ይህ ጉዳይ በጥናት ጽሑፎች ውስጥ በደንብ ተመርምሯል። ሚካኤል ሞንተፎርቴና ፍሬድ ቮልፍ በ2012 እንዳሳዩት፣ እንዲህ ያሉ ቀላል ሴሎች ባሉበት በገቺዎች የተሞላ መረብ ውስጥ እያንዳንዱ ጉዞ በዙሪያው እንደ ቧንቧ ያለ የጽናት ክልል አለው፤ በክልሉ ውስጥ የሚቀር ትንሽ ንክኪ ይሞታል፣ ከክልሉ የሚያስወጣ ንክኪ ግን ወደ ሌላ ጉዞ ወስዶ ያለያያል። እነዚሁ ተመራማሪዎች ሁለት ዓመት ቀደም ብለው ምት አወጣጡ ለስለስ ባለ እኩልታ የተገለጸ ሌላ ዓይነት ሴል ወስደው ሲያሰሉ ግን፣ ትንሿም ንክኪ የምታድግበት፣ በሁሉም መለኪያ እውነተኛ የሆነ ትርምስ አግኝተው ነበር፤ በዚያ መረብ ውስጥ ስለ መነሻው ያለው መረጃ የሚጠፋበት ፍጥነት እጅግ ከፍተኛ ከመሆኑ የተነሳ፣ በምቶች ንድፍ ላይ ሊቀመጥ የሚችለው መረጃ ከቅጽበታዊው ምላሽ እንደማይሻገር ገልጸዋል። እንግዲህ ትርምስ መኖሩና አለመኖሩ ሴሉ ምቱን በሚያወጣበት አኳኋን ላይ እስከዚህ ድረስ የሚመረኮዝ ከሆነ፣ በብራያን አንድ ምሳሌ ብቻ አስኪዶ ስለ አንጎል መናገር አይገባም። ጥሩነቱ ግን እኩልታውን ለመቀየር ሁለት መስመር ከማስተካከል ያለፈ ድካም አለመጠየቁ ነው፤ ከለስላሳው ሴል ጋር አጭር የጊዜ እርምጃ መጠቀምም የግድ ነው።

መረቡ ላይ የውጭ ጫጫታ የጨመረ ሰው አንድ ሌላ ነገር ልብ ማለት አለበት። ሪስቶር ሲጠራ የዘፈቀደ ቁጥሮቹን ሁኔታ እንዲመልስ በግልጽ ካልታዘዘ አይመልስም፤ ሁለተኛው ዙር በሌላ ጫጫታ ይሄዳል። በዚያን ጊዜ የሚታየው ልዩነት የትርምስ ሳይሆን የጫጫታ ነው፤ ያውም ከትርምስ ጋር በመልኩ ይመሳሰላል። አማራጩ በመመሪያው ውስጥ ተጽፏል፤ ነገር ግን ለዚህ ዓይነት ጥናት እጅግ ወሳኝ በመሆኑ ጎላ ብሎ ቢቀመጥ እመርጥ ነበር። በተጨማሪም ያው ኮድ በሌላ ኮምፒውተር፣ ወይም ሥራውን በብዙ ፕሮሰሰር ከፋፍሎ ሲሄድ፣ የመደመሩ ቅደም ተከተል ስለሚለወጥ በአስርዮሽ መጨረሻ ላይ ያለች ቁጥር ልትለያይ ትችላለች፤ ለትንሽ ንክኪ ስሜታዊ የሆነ መረብ ከሆነ ይህችው ትበቃለች። ሥዕሉ ነጥብ በነጥብ አልተደገመም ብሎ ሶፍትዌሩን ጉድለት አለበት ማለት አግባብ አይደለም፤ መነጻጸር ያለባቸው አማካዮቹና ስርጭቶቹ ናቸው።

ትርምሱ እንዲህ ተሰባሪ ከሆነ አንጎል እንዴት ይሠራበታል? የዚህ ጥያቄ መልስ አንዱ ክፍል ከግብአቱ ይመጣል። ሜይነንና ሴኖውስኪ በ1995 ከአይጥ ቅርፊት የተወሰደ ሴል ላይ ያልተለዋወጠ ጅረት ሲለቁበት ምቶቹ በየሙከራው እየተንሸራተቱ እንደሚሄዱ፣ እንደ ተፈጥሮው የሚዋዥቅ ጅረት ሲለቁበት ግን ምቶቹ ከአንድ ሚሊሰከንድ ባነሰ ስህተት እንደሚደጋገሙ አይተዋል። ያ ጥናት ስለ አንድ ሴል ነው፤ ስለ መረብ ደግሞ ራጃን፣ አቦትና ሶምፖሊንስኪ በ2010 ትርምስ ያለበት መረብ በቂ ጉልበት ያለው ግብአት ሲደርሰው ትርምሱ እንደሚታፈንና መረቡ ግብአቱን ተከትሎ እንደሚሄድ አስልተዋል። በብራያን ይህን መሞከር ይቻላል፤ በጊዜ የሚለዋወጥ ግብአት በሰንጠረዥ ተዘጋጅቶ ወደ እኩልታው የሚገባበት ታይምድ አሬይ የተባለ መሣሪያ አለው። ያንኑ የአንዲት ምት ሙከራ አንድ ጊዜ ያለ ግብአት፣ ሌላ ጊዜ በሚዋዥቅ ጠንካራ ግብአት ሥር አድርጎ ማነጻጸር ብዙ ጊዜ የማይወስድ ሥራ ሲሆን፣ የሚያስተምረው ግን ብዙ ነው። የፍሪማን ሐሳብ፣ ማለትም በትንፋሽ መካከል ያለው ትርምስ ሽታው ሲመጣ ወደ አንድ ንድፍ ይሰበሰባል የሚለው፣ በሌላ ቋንቋ ተመልሶ የመጣ ይመስለኛል።

ሌላው የመልሱ ክፍል መማር ነው። ሱሲሎና አቦት በ2009 መነሻው ላይ ትርምስ ውስጥ ያለ መረብ ወስደው፣ የሚያወጣውን ስህተት በቅጽበት እያረሙ የተፈለገውን ንድፍ እንዲያወጣ አሠልጥነዋል፤ ሥልጠናው ሲጀመር ትርምስ የነበረበት መረብ ዝምተኛ ከሆነው ይልቅ በፍጥነትና በጥራት ተምሯል። እዚህ ላይ ግን ብራያንን አልመክርም። እነሱ የተጠቀሙበት መረብ ምት የማያወጡ፣ በተከታታይ ቁጥር የሚገለጹ ሴሎች ያሉበት ነው፤ ሶምፖሊንስኪ፣ ክሪሳንቲና ሶመርስ በ1988 የግንኙነቱ ጉልበት 1 ሲያልፍ ትርምስ እንደሚጀምር ያረጋገጡበት ዓይነት ነው። በብራያን መጻፉ ባይከለከልም፣ ሁሉም ከሁሉም ጋር የተገናኙ 1000 ሴሎች አንድ ሚሊዮን ግንኙነት ስለሚሆኑ፣ ሥራው በተራ የማትሪክስ ስሌት ቢሠራ ይፈጥናል፣ ኮዱም ያጥራል።

ከመረብ ይልቅ የአንድ ሴልን ትርምስ ማየት ለሚፈልግ የሂንድማርሽና ሮዝ የ1984 እኩልታዎች ጥሩ መነሻ ናቸው። ሦስት እኩልታ ብቻ ሲሆኑ፣ ከውጭ የሚገባው ጅረት 3.25 አካባቢ ሲሆን ሴሉ ምቶቹን በቡድን በቡድን፣ ነገር ግን ቁጥራቸው በማይገመት አኳኋን ያወጣል። እኩልታዎቹ መለኪያ የሌላቸው በመሆናቸው መለኪያ የሚጠይቀው ብራያን አይቀበላቸውም፤ እያንዳንዱን ለሚሊሰከንድ ማካፈል ያስፈልጋል። እኩልታውን የሚያሰላበት ዘዴ ካልተመረጠለትም ለእንዲህ ያለ ቀጥተኛ ያልሆነ እኩልታ ቀላሉን የኦይለር ዘዴ ይመርጥና ምርጫውን በመልእክት ያሳውቃል፤ መልእክቱን ሳያነቡ ማለፍ አይገባም፣ አራተኛ ደረጃ ያለውን የሩንገ ኩታ ዘዴ በስሙ ማዘዝ ይሻላል። የማይገናኙ ሁለት ሴሎችን በአንድ ቡድን ውስጥ አድርጎ፣ መነሻቸውን በጥቂት አለያይቶ የልዩነቱን ሎጋሪዝም መሳል የሊያፑኖቭን ቁጥር፣ ማለትም ልዩነቱ የሚያድግበትን ፍጥነት፣ በዓይን ያሳያል።

ያንን ቁጥር ለማስላት ግን የተዘጋጀ መሣሪያ የለም። ተጠቃሚው ልዩነቱን በየጊዜው እየለካ፣ ሲያድግም ወደ መነሻው መጠን እየመለሰ የሚያስላበትን ክፍል ራሱ መጻፍ አለበት። በስሌቱ መሐል የራስን የፓይተን ኮድ ማስገባት ስለሚቻል ሥራው የሚከብድ ባይሆንም፣ ብዙ ሰው ስህተት የሚሠራበት ነው። ሌላው እጥረት ደግሞ ፍጥነትን ይነካል። ሶፍትዌሩ ሙሉውን ስሌት ወደ ሲ ፕላስ ፕላስ ቀይሮ ራሱን ችሎ የሚሄድ ፕሮግራም የሚያደርግበት መንገድ አለው፤ ትልልቅ መረቦችን ለማስኬድ የሚመረጠውም እሱ ነው፤ ነገር ግን ስቶር እና ሪስቶር በዚያ መንገድ አይሠሩም። ለትርምስ ጥናት እጅግ የሚያስፈልጉት ሁለት ትእዛዞች ከፈጣኑ መንገድ ውጭ መሆናቸው ከጉድለቶቹ ሁሉ ይበልጥ የማዝንበት ነው። ለ4000 ሴሎች ግን ተራው መንገድ በቂ ነው፤ በአንድ ላፕቶፕ ላይ ሙከራው ተመላልሶ ሊታይ ይችላል።

በጣም ግዙፍ መረብ፣ በብዙ ኮምፒውተሮች ላይ ተከፋፍሎ የሚሄድ ለሚፈልግ ኔስት የተባለው ሶፍትዌር ይሻላል፤ የአንድን ሴል ቅርንጫፎች በዝርዝር ቅርጻቸው ለማስላት ደግሞ ኒውሮን የተባለው የቆየና የተፈተነ ነው። ሁለቱም ግን አንድን አዲስ እኩልታ ጽፎ ወዲያውኑ ለመሞከር እንደ ብራያን አይፈጥኑም።

ሂሳብን እስከ ዲፈረንሻል እኩልታ ለተማረና ፓይተንን በመጠኑ ለሚያውቅ ሰው ብራያን 2ን ያለ ማመንታት እመክራለሁ። የመጀመሪያ ሥራው የ4000ዎቹን ሴሎች ምሳሌ ሳይነካ ማስኬድ፣ ሁለተኛው የአንዲቱን ምት ሙከራ ማድረግ፣ ሦስተኛው የገቺዎቹን ጉልበት ከ9 ሚሊቮልት ቀስ በቀስ እየቀነሰ መዘበራረቁ የት ላይ እንደሚለወጥ መከታተል ይሁን፤ በየእርምጃውም የአንዲቱን ምት ሙከራ ይድገመው።